የእናትን ቤት ስናድስ፦ ስፕሊት ኤሲ ወይስ ዳክት?

ሰላም ለሁላችሁ። ከሜሪላንድ «የእናቴን ቤት ሳድስ ስፕሊት ኤሲ ላስገጥም ወይስ ዳክት? ከአሜሪካስ ላምጣው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህታችን፣ ጥያቄሽ የራሴን ጭንቀት አስታወሰኝ። ከ19 ዓመት የቨርጂኒያ ኑሮ በኋላ አዲስ አበባ ቀበና ያለውን የወላጆቼን ቤት ሳድስ፣ ከቀለምና ከሴራሚክ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የኤሲ ጉዳይ ነበር። እዚያ የለመድነው በኮርኒስ ውስጥ ትልቅ የአየር ቱቦ ዘርግቶ ቤቱን በሙሉ የሚያቀዘቅዘውን፣ ዳክት የሚሉትን ነው። እዚህ ስንመጣ እሱን እንፈልጋለን። ቤት ማለት እንደዚያ ይመስለናላ።

መልሴን ቀድሜ ልንገርሽ። ላለቀ ቤት፣ አዲስ አበባ መሀል፣ ስፕሊት፣ ማለት አንዱ ሳጥን ክፍሉ ውስጥ (ኢንዶር) ሌላው ውጪ (አውትዶር) የሚሰቀለው ኤሲ፣ ይበቃሻል። ያውም ለሁሉም ክፍል አይደለም።

ምክንያቱ መጀመሪያ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሞቃቶቹ ወራት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይበርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቨርጂኒያ በሐምሌ ቀንም ሌሊትም ይታፈናል፣ ቤቱ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ዳክት እዚያ ቦታው ነው። እዚህ ግን የሚሞቀው የቤቱ አንድ ወገን ነው፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት። እኛ ጋ ያስቸገረው ፎቅ ላይ ያለው፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው መኝታ ቤት ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት መቀመጥ አይቻልም ነበር። ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ ግን እናቴ በዚያው ሰዓት ነጠላዋን ደርባ ትቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ኤሲ ከመግዛትሽ በፊት ጣራውን እይው። የእኛ ቆርቆሮና ኮርኒስ መሀል ባዶ ነበር። ቀን ፀሐዩን እንዳለ ያስገባል፣ ሌሊት ብርዱን እንዳለ ያስገባል። ከኮርኒሱ በላይ ፋይበርግላስ አስነጠፍን። ለምዕራቡ መስኮት ከውጪ ጥላ አሠራንለት። መጋረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ፀሐዩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ይኼ ሲያልቅ አራት ክፍል ላይ ልሰቅል ያሰብኩት ኤሲ ሁለት ላይ ቆመ።

ሁለተኛው የቤቱ አሠራር ነው። የአሜሪካ ቤት እንጨት ነው። ግድግዳውም ወለሉም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቱቦ ይደበቅበታል። የኛ ብሎኬትና ኮንክሪት ነው። ዳክት ለማሳለፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ የጂፕሰም ኮርኒስ ያስፈልጋል። የእኛ ፎቅ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ነው፤ ወደ 2 ከ40 ሊወርድ ነበር። መሀል ላይ ቢም (ፎቁን የተሸከመው አግድም ኮንክሪት) ሲያጋጥም ደግሞ ከሥሩ ማለፍ ግድ ነው። ቢም ልብሳልሽ የሚልሽ ሠራተኛ ከመጣ በዚያው ቀን አሰናብቺው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው ወጥ ቤቱ ነው። ዳክት አየሩን ከየክፍሉ ሰብስቦ አቀዝቅዞ መልሶ ለሁሉም ያከፋፍላል። ቁሌት ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይዞራል። ቨርጂኒያ ሳለን የልጆቹ ካፖርት ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለው ለዚህ ነበር። ስፕሊት የሚያዞረው ያለበትን ክፍል አየር ብቻ ነው።

የመብራቱም ነገር አለ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ቱቦው ማቀዝቀዣ በማይደርስበት ጣራ ሥር ካለፈ፣ ለማቀዝቀዝና ለማሞቅ ከሚወጣው ኃይል ከ30 በመቶ በላይ በቱቦው መንገድ ሊባክን ይችላል። እዚህ የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለውም ይጨምራል። ስፕሊት ሲሆን ማታ የምትተኚበትን ክፍል ብቻ ታበሪያለሽ፣ የቀረው ይዘጋል።

ስትገዢ ሁለት ነገር አትለፊ። አንደኛ ኢንቨርተር ይሁን፣ ማለት የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ። ጋዙን የሚገፋው ሞተር (ኮምፕሬሰሩ) በዝግታ ስለሚነሳ፣ መብራት ሲጠፋ የምታስነሺውን ጄኔሬተር አያስጨንቀውም። ሁለተኛ የሚያሞቅም ይሁን። ለሞቃት አገር የተሠሩ ብዙ ሞዴሎች ማቀዝቀዝ ብቻ ነው የሚችሉት፣ ሳጥናቸውም ዋጋቸውም ያታልላል። ለአዲስ አበባ ማሞቂያው ከማቀዝቀዣው ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ድሮ ጥር ንጋት ላይ ሂተር ሰክተን ነበር የምናሞቃት። ሂተር የወሰደውን መብራት ያህል ሙቀት ብቻ ይሰጣል። ኤሲው ግን ሙቀቱን ከውጪው አየር ስለሚስብ፣ በዚህ ብርድ በግምት ሦስት እጥፍ ይመልሳል። አሁን 11 ሰዓት ላይ ለጸሎት ስትነሳ ክፍሏ ሞቆ ይጠብቃታል። ኢንዶሩን ግን ከአልጋዋ ትይዩ አታሰቅዪው። አሮጊት ሰው ላይ ንፋስ ቀጥታ መምጣት የለበትም።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር ላምጣ ላልሽው፣ ተይው። እዚያ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ቢሠራ እንኳ ሲበላሽ መለዋወጫውን ከየት ታገኚዋለሽ? እዚሁ ግዢ። ለብቻው ብሬከርና ጥሩ ስታቢላይዘር አድርጊለት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው መወዛወዝ ቦርዱን ነው የሚያቃጥለው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ሻጩ 24,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ውሰጂ ቢልሽ አትቸኩዪ። ለአንድ መካከለኛ መኝታ ቤት 9,000 ወይም 12,000 ይበቃል። እርግጥ ከፍታችን ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ማሽኑ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ያንሳል። ለዚያ ትንሽ መጨመር ነው እንጂ እጥፍ አይደለም። የበዛ ማሽን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አሁን ወደ ገጠመኜ። የመጀመሪያው ገጣሚ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጨርሶ ሄደ። በሁለተኛው ወር ማቀዝቀዙን ተወ። «ጋዝ አልቋል» አለ፣ ሞላ፣ አስከፈለ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መጣ። ሦስተኛው ላይ ሌላ ባለሙያ ጠራሁ። ሰውየው አረፋ ቀብቶ የመዳብ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ሲያፈስ አሳየኝ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። የሚያሳዝነኝ ይኼን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ መክፈሌ ነው።

ስለዚህ ሲገጠም አጠገቡ ቁሚ። ገጣሚው ቱቦው እንዳያፈስ በናይትሮጅን ይፈትሸው። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱን ያውጣ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። በጋዙ አየሩን ገፍቼ አስወጣዋለሁ የሚል ሰው አይንካው። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ። ፓምፑ አየሩን ሲያወጣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ ያለው መርፌ እዚህ ከተማ እንደ ባሕር ዳርቻው እስከ 30 ኢንች አይወርድም። የከባቢው ግፊት ራሱ አነስተኛ ስለሆነ 22 ወይም 23 አካባቢ ይቆማል። ማሽኑ ደካማ ሆኖ አይደለም። የውሃ ማውረጃው ቱቦ ወደ ውጪ ዘንበል ይበል። የእኛ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ አዲሱን ቀለም በሁለት ሳምንት አበላሽቶታል። አውትዶሩን የጎረቤት መስኮት ሥር አታድርጊው። ከዋናው መንገድ በሚታየው ግድግዳ ላይም ሳትጠይቂ አትስቀይ።

ዳክት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከመሠረቱ የምትሠሩ፣ ፕላኑ ገና ያላለቀ፣ ወይም ዙሪያውን መስታወት የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ የምታስቡ፣ ለአርክቴክቱ አሁኑኑ ንገሩት። የወለሉን ከፍታ ከወዲሁ ይጨምራል፣ ቱቦው የሚያልፍበትን ይተዋል፣ የክፍሎቹን መቆጣጠሪያ ለየብቻ ያደርጋል። ማጣሪያውና ቱቦው የሚጸዳበት በርም ይተው። የበጋው አቧራ ቀላል አይደለም። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የምትሠሩም ስሌታችሁ ከእኔ ይለያል። እዚያ ሌሊቱም ይሞቃል።

እህቴ፣ የክፍሎቹን ስፋት፣ መስኮቶቹ ወዴት እንደሚያዩና ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለውን ከፍታ ለክተሽ ጻፊልኝ። የጣራውንም ውስጥ አንድ ሰው ከፍቶ ፎቶ ያንሳልሽ። እናትሽ የሚተኙበትን ክፍል ግን አስቀድሚው፣ ከጥቅምት በፊት ይለቅላቸው።