ድሬ ላይ የንግድ ህንፃ ልንሰራ ነው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ይሁን ይሉናል

ሳቢያን_ቦይ፦
ሰላም ጀማአ። አባቴ ሳቢያን ጋ ያለችው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ 3 ሊሰራ ነው፣ ታች ሱቅ፣ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ቢሮ፣ ላይኛው ፔንሲዮን። መንገዱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ የህንፃው ፊትም ወደ ምዕራብ ነው። አርክቴክቱ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው፣ ያመጣልን ፕላን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው፣ አባቴ ደሞ ወዶታል፣ መስታወት ያልሆነ ህንፃ ማን ይከራየዋል ይላል። እኔ ግን የግንቦት ፀሐይ ከሰዓት ሲመታው እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ግሪን ቢዩልዲንግ፣ አካባቢን ስለማይጎዳ ግንባታ ማለት ነው፣ ትንሽ አነበብኩ፣ ሶላር፣ ዳብል መስታወት፣ ምናምን ብዙ ነው፣ ሁሉንም ለማድረግ አቅሙ የለንም። እስቲ በድሬ ሁኔታ መጀመሪያ ብር ሊወጣበት የሚገባው የቱ ነው? መሰረት ገና አልተቆፈረም፣ ፕላኑ ይቀየራል።

ሚጡ_ኮስሞቲክስ፦
እኔ ኢንጂነር ሳልሆን ተከራይ ነኝ ግን ልናገር። ሁለት ዓመት ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ሱቅ ውስጥ ሰርቻለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ካውንተሩ ላይ ትወጣለች፣ ቫዝሊኑ ውሃ ሆኖ በክዳኑ ስር ይፈሳል፣ ሊፕስቲኩ ያልበዋል፣ ደንበኛ ሊሞክረው ሲከፍት ተሰብሮ ክዳኑ ውስጥ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ፣ ካርቶን ቀደን መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍን፣ ከጎኔ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ደሞ የአልጋ ልብስ ሰቀለ። ያ ሁሉ የመስታወት ብር የካርቶን መለጠፊያ ሆነ። ኤሲውን ደሞ የምከፍለው እኔ እንጂ አከራዩ አይደለም፣ ስለዚ እሱ ምን ገዶት። ለአባትህ ንገራቸው፣ ተከራይ አይቶ ይገባል እውነት ነው፣ ግን ይለቃል። እኔ ለቅቄ መጋላ ሰፈር ገባሁ፣ አሮጌ ቤት ነው፣ በረንዳ አለው፣ ቬንትሌተር ይበቃኛል።

ሳይት_ኢንጂነር፦
አቦ ሚጡ ጨርሳዋለች፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ድሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነች ማለት ይቻላል፣ ስለዚ በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት ከላዩ ትንሽ የወጣች ሶሌታ (የአርማታ ንጣፍ) ካለችው ይበቃዋል። በምስራቅና በምዕራብ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትገባ ከላይ የሚወጣ ጥላ ብቻውን አይመልሳትም። ዳብል መስታወት ብትገዛም ጨረሩ አልፎ ወለልና ዕቃ ላይ ካረፈ ሙቀት ይሆናል፣ ሙቀቱ ደሞ እንደገባ መውጣት አያውቅም። ጥላው ከመስታወቱ ውጪ መሆን አለበት፣ ከውስጥ መጋረጃ መስቀል ሌባው ከገባ በኋላ በር መቆለፍ ነው።

ስለዚ እንደኔ ታች ሱቆቹን 2 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስገባና በረንዳ አድርገው። ላይ ፎቆቹ ፊት ላይ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ከግድግዳው 60 ሳንቲም ወጣ አድርገህ ገንባ፣ ንፋሱ ያልፋል ፀሐዩ ይሰባበራል፣ ቅርፁን ካሰራህላቸው እዛው ድሬ ብሎኬት የሚያመርቱት ያወጡልሃል። ደረጃውን፣ ሽንት ቤቱንና ስቶሩን ወደ ምዕራብ ግፋቸው፣ እነሱ ቢሞቁ ማንም አያማርርም። የላይኛው ሶሌታ ላይ ደሞ ነጭ ቆርቆሮ ከፍ አድርገህ ምታ፣ መሀሉ አየር እንዲያልፍበት።

አንድ ነገር ደሞ ማንም አያወራውም፣ ሲሚንቶ። ፋብሪካ ውስጥ አብዛኛው ካርቦን የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው፣ ሲቃጠል ይለቀዋል፣ ስለዚ ዋናው መላ ማባከኑን መተው ነው። እኛ ጋ ፎርማን ሆዬ "ለማንኛውም" እያለ በየቅልቅሉ ግማሽ ከረጢት ይጨምራል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ ይበቃል፣ ክሊንከሩ፣ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚወጣው ክፍል፣ ያነሰ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ ማጠጣቱን በ3 ቀን አታቁም፣ ቢያንስ 7፣ 10 ቢሆን ይሻላል፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ከላይ ፕላስቲክ። አሸዋ ሲመጣልህ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃና ቆንጠር ካለ ጨው ጋር ነቅንቀህ አስቀምጠው፣ ከላይ የተኛው ጭቃ ከ6 በመቶ ካለፈ ሹፌሩን ይዞት ይመለስ በለው፣ ጭቃ ያለው አሸዋ ሲሚንቶ ይበላል። ሶሌታ ደሞ ሌሊት 11 ሰዓት ጀምረህ ረፋድ ሳይሆን ጨርስ። አንዴ ከቀኑ 7 ሰዓት የሞላነው ሶሌታ በማግስቱ እንደ ደረቀ ወንዝ ተሰነጣጥቆ ጠበቀን፣ ገሚሱን ቆፍረን አወጣነው ወላሂ።

ጁገል_ውስጥ፦
ድሬዎች ሲሞቃችሁ ነው ትዝ የምንላችሁ 😄 ሐረር ያለው የአያቴ ቤት "ጌ ጋር" የሚባለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው፣ መስኮቱ ላይ ክንዴን ስዘረጋ ግድግዳው ከክርኔ በላይ ይውጠኛል፣ ድንጋይ በጭቃ፣ ጣራው እንጨት ላይ አፈር፣ በየጊዜው ነጭ ይቀባል። ውጪ ፀሐዩ እየጠበሰህ ገብተህ ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ ስትቀመጥ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይቀዘቅዛል። ኤሲ የሚባል ነገር አናውቅም። ለምን እሱን ፎቁን በድንጋይ አይገነባውም? ድንጋዩ እንደሆን በአካባቢው ሞልቷል።

ሳይት_ኢንጂነር፦
@ጁገል_ውስጥ ሐረር እኮ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት ድሬ 1,200፣ ሸሚዝህን ያቀዘቀዘው ግድግዳው ብቻ አይደለም 😂 ሀሳብህ ግን ለታችኛው ፎቅ ልክ ነው፣ የጎኖቹ ግድግዳ ድንጋይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ችግሩ ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። ማታ ለሚዘጋ ሱቅ ቆንጆ ነው፣ ፔንሲዮን ላይ ግን ልክ እንግዳው ሊተኛ ሲል ግድግዳው መሞቅ ይጀምራል። ላይ ቀለል ያለ ብሎኬትና ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይሻላሉ። ደሞ 60 ሳንቲም ድንጋይ 3ኛ ፎቅ ላይ ስታወጣ ቢሙም መሰረቱም ይወፍራል፣ በግድግዳ ያተረፍከውን በፌሮና በሲሚንቶ ትመልሰዋለህ።

ወረፋ_ሰለቸኝ፦
ውሃ ረሳችሁ እንዴ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው፣ ድሬ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንብባታል፣ 300 ካሬ ጣራ ካለህ የሚባክነውን ቀንሰህ 140 ሺህ ሊትር አካባቢ ነው። ለሽንት ቤትና ለፅዳት ከበቂ በላይ ባይሆንም ብዙ ነው፣ ግን ዝናቡ በጥቂት ወራት ስለሚያልቅ ታንከሩን መሰረት ሲቆፈር አብረህ አስቆፍረው፣ በኋላ ወለል ማፍረስ ነው። ሶላር የውሃ ማሞቂያ ካስገባህ ደሞ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፣ ቱቦውም እንደዛው ነጭ ድንጋይ ይሞላል፣ የዝናቡን ውሃ አጣርተህ ለሱ ስጠው። ግቢውን ደሞ በሙሉ አርማታ አታልብሰው እባክህ። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል፣ መሬቱ ውሃ ሳይጠጣ ሁሉም ወደ ወንዙ ሲለቀቅ የሚሆነውን ያየን ሰዎች ነን።

ሳቢያን_ቦይ፦
አላህ ይስጣችሁ። የሚጡን ለአባቴ አነበብኩለት፣ አልጋ ልብሱ ጋ ስደርስ ሳቀ፣ ከዛ ዝም አለ፣ ትናንት ማታ ራሱ ካልኩሌተር ይዞ ተገኘ። ባለ ቀዳዳ ብሎኬቱን ተቀብሏል፣ ታንከሩንም። በረንዳው ላይ ግን 2 ሜትር ተኩል የሱቅ ካሬ ይበላብኛል፣ 1.80 ይሁን ይላል። ይበቃል?

ሳይት_ኢንጂነር፦
1.80 ለእግረኛና ለዝናብ ይበቃል። ለፀሐዩ ግን 9 ሰዓት ሳይሞላ ከስሩ ትገባለች፣ እውነቱን ለመናገር 2 ሜትር ተኩሉም ከዛ በኋላ ብዙ አያስኬድህም። በረንዳው ፊት ሦስት የኒም ዛፍ ትከል፣ ዛሬውኑ፣ መሰረት እስኪቆፈር አትጠብቅ፣ ብቻ የሲሚንቶ መኪና የሚገባበትን ቦታ ትተህ።