ኮንሶል ጀማሪውንም ቀንደኛውንም የሚይዘው በምንድን ነው?

ጠያቂው
ሰላም ሰዎች። አንዳንድ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ጌም ነክቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ጆይስቲክ ያስይዘዋል፣ ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያፈጡት ብቻ የተሠራ ይመስላል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ዋጋው? ግራፊክሱ? ሁለቱንም የያዘስ አለ?

አውራጣት
ግራፊክሱን እርሳው፣ ጀማሪን የሚያባርረው ጆይስቲኩ ነው። በግራ አውራ ጣት እየሄድክ በቀኙ ካሜራ ማዞር ለእኛ ምንም አይደለም፣ ለአዲስ ሰው ግን ፈተና ነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይቆይና «በቃ፣ እንካ» ብሎ ይመልስልሃል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ (Wii) የተባለውን ኮንሶል ሲያወጣ ያነሳው ይህንን እንቅፋት ነው። ዊ ስፖርትስ ላይ ቴኒስ ስትጫወት ሩጫው በራሱ ነው፣ ያንተ ሥራ እጅህን መወንጨፍ ብቻ። በዚያ ላይ ጌሙ በብዙ አገር ከኮንሶሉ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ጥርት ያለ ምስል (ኤችዲ) እንኳ ሳይኖረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ደረቅ_ሒሳብ
ተሸጧል፣ ግን ስንቱ ቦውሊንግ ተጫውቶ አቧራ አስለበሰው? ብዙ ኮንሶል ሠሪዎች ዋናውን ገንዘብ የሚያገኙት ከጌም ነው። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ከማምረቻ ዋጋው በታች ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለ ኮንሶል ገዝቶ ሁለተኛ ጌም የማይገዛ ሰው ኪሳራ ነው፣ ኒንቴንዶ የተረፈው ዊን ከመነሻው በትርፍ ስለሸጠ ነው። በ2012 የዊ ተተኪ ዊ ዩ ሲመጣ ደግሞ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጫወተው ሕዝብ ስልኩ ላይ ነበር፣ ብዙዎችም አዲስ ኮንሶል ይሁን የዊ ተጨማሪ ዕቃ አልገባቸውም። 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሸጦ ቀረ።

የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንም አለ። በ2013 ኪኔክት የሚባለውን እንቅስቃሴ የሚያነብ ካሜራ በግድ አብሮ ሸጠ፣ ዋጋው 499 ዶላር ሆነ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 399። ቀንደኛው ተጫዋች ለማይፈልገው ካሜራ 100 ዶላር ለምን ይጨምራል? በዓመቱ ያለ ኪኔክት መሸጥ ጀመሩ።

ሌሊት_ወፍ
ቀንደኛውን የሚያስረው ሌላ ነገር ነው። ኤክስቦክስ 360 በ2005 አቺቭመንት የሚባለውን፣ ጌም ውስጥ የተቀመጠ ግብ ስታሳካ የሚሰጥህን ነጥብ አመጣ፣ ጌሙን የጨረሰ ሰው ነጥብ ለቀማ ብሎ እንደገና ይገባበት ጀመር (እኔን ጨምሮ፣ አትፍረዱብኝ)። ከዚያ ጓደኞችህ እዚያው ናቸው፣ የገዛሃቸው ጌሞች አካውንትህ ላይ ናቸው፣ ወዴት ትሄዳለህ?

ሁለቱንም የያዘ ላልከው የኒንቴንዶን ስዊች እይ። በ2017 የወጣ ዕለት ለቀንደኛው ዜልዳ የሚባለው ትልቅ የጀብዱ ጌም ነበረው፣ አጠገብህ ላለው ሰው ደግሞ ጆይስቲኩን (ጆይኮን ይባላል) ለሁለት ከፍለህ አንዱን ትሰጠዋለህ።

ጠያቂው
አሪፍ። ፕሌይስቴሽን 2ስ ታዲያ? ያ እኮ ጆይስቲኩ ቁልፍ በቁልፍ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ጋ ነበር።

ደረቅ_ሒሳብ
ዲቪዲ! በ2000 ሲወጣ ዲቪዲ ማጫወቻ ገና ውድ ነበር፣ ስለዚህ ጌም የማይወደውም ለፊልም ብሎ ገዛው። የድሮውን የፕሌይስቴሽን ዲስክም ያጫውት ስለነበር ቀንደኛው የሰበሰባቸውን ጌሞች ይዞ ተሻገረ።