በአንድ የአውሮፓ ማኅበረሰብ (የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት) አባል አገር በሕግ የተሸጠ ዕቃ በሌላው አገር መታገድ ይገባዋልን?

ደጋፊ፦ ከውጭ የሚገባን ዕቃ የሚያግደው «ማስገባት ክልክል ነው» የሚል አዋጅ ብቻ አይደለም። ቀረጥም ኮታም ሳይኖር ስለ አልኮል መጠን የተጻፈ አንድ አንቀጽ ድንበርን ይዘጋል። ካሲስ ደ ዲዦን የተባለው የፈረንሳይ ሊኬር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ወደ ጀርመን ሊገባ ሲል የሆነው ይኸው ነው፤ የጀርመን ሕግ ለፍራፍሬ ሊኬር ቢያንስ 25 በመቶ አልኮል ሲጠይቅ፣ የመጠጡ ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለነበር ገበያ ላይ እንዳይውል ተከለከለ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ደካማ መጠጥ ሰውን በቀላሉ ከአልኮል ጋር ያለማምዳል የሚል ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በሰጠው ውሳኔ፣ ጠንካራውም መጠጥ ብዙውን ጊዜ ተበርዞ እንደሚጠጣ ጠቅሶ ይህን ሳይቀበለው ቀረ። ሸማቹ እንዳይታለል ከሆነ የታሰበው፣ መጠኑን በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ተቃዋሚ፦ ስለ ሊኬሩ ያሉትን እቀበላለሁ። ሆኖም አንዱ አገር የፈቀደውን ሁሉ ሌላው እንዲቀበል ከተገደደ፣ ከሁሉም የላላው ደንብ የሁሉም ደንብ ይሆናል፤ ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት ያወጣው ጥብቅ ሕግም በገዛ አገሩ አምራቾች ላይ ብቻ ይጸናል። ዴንማርክ ቢራና ለስላሳ መጠጥ በተመላሽ መያዣ ብቻ እንዲሸጥ ስትደነግግ አካባቢዋን መጠበቋ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1988 አካባቢን መጠበቅ ንግድን ለመገደብ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ የጠቀሱት ውሳኔ ሁለተኛ ክፍል አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ጠርሙስ የመመለሱን ሥርዓት ቢያጸናም፣ ባለሥልጣን ባላጸደቀው መያዣ የሚሸጥ መጠጥ ለአንድ አምራች በዓመት ከ3,000 ሄክቶ ሊትር (300,000 ሊትር) እንዳይበልጥ የሚለውን ገደብ ግን ሽሮታል። የአገሩ ጠማቂ የጸደቀውን ጠርሙስ ቀድሞውኑ በእጁ ይዟል፤ የውጭው ግን ለአንዲት ገበያ ብቻ ሌላ ጠርሙስ ማሠራት ወይም በገደቡ ሥር መቆየት ነበረበት። ዓላማው በጎ በሆነ ደንብ ውስጥ እንዲህ ያለ አድልዎ ሲገባ ማንም በቀላሉ አያየውም። ስለዚህ ገደቡ አስፈላጊ መሆኑን፣ ቀለል ያለ መንገድም እንደሌለ የማስረዳቱ ሸክም በከልካዩ መንግሥት ላይ ይሁን እላለሁ፤ አነስተኛ አምራች ዕቃው መጋዘን ተቀምጦ ዓመታት የሚወስድ ሙግት ሊችል አይችልምና።