ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ማውራት አደከመኝ፤ እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የጀልባ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት ላይ ግን ፈገግታ አልመጣ ይለኛል። በተለይ ደሴቱ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ስናገር፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል ይቆጡኛል። ትናንት አንዷ «አንተ ማን ነህና!» ብላ ትኬቱን መስኮቱ ላይ ወርውራብኝ ሄደች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። እኔ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነኝ። ወሬህን «አይቻልም» ብለህ አትጀምር። መጀመሪያ «ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፤ የግድግዳው ሥዕል ግሩም ነው» በላቸው። የክብራኑን ከዚያ አስከትል። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይቀራል። ዋጋውንና የመመለሻውን ሰዓት ደግሞ ጽፈህ ለጥፍ፤ አፍህ ያርፋል።

መልስ፦ ቢለጥፍስ ማን ያነባል፣ ሃሃ! ምሳህን ግን ሰው መሃል አትብላ። እኔ አሳ ቤት ሳስተናግድ ጓሮ ዞሬ ብቻዬን ነበር የምበላው። «ኮራች» አሉኝ። ይበሉ።

ጠያቂው፦ የዑራውን ነገ እሞክራለሁ። ጓሮ እንኳ የለንም፤ የቆመ ጀልባ ግን አይጠፋም።