አባቴን ሳልጫናቸው እንዴት ልርዳቸው?

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ግላኮማ የዓይናቸውን ብርሃን ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲወስድባቸው ቆይቶ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ የሰው ፊት መለየት ተስኗቸዋል። እናቴ በሕይወት ስለሌለች፣ ከሚኖሩባት ትንሽ ከተማ አምጥቻቸው እዚህ ሐዋሳ ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር መኖር ከጀመሩ 7 ወር ሆኗቸዋል።

በእነዚህ ወራት ምንም እንዳይጎድልባቸው በማሰብ ሁሉንም ነገር እኔ ሳደርግላቸው ቆይቻለሁ። ልብሳቸውን እመርጣለሁ፤ እንጀራውን እየቆረስሁ አጎርሳቸዋለሁ፤ ስንወጣ የእጃቸውን አንጓ አጥብቄ ይዤ እመራቸዋለሁ፤ እንግዳ መጥቶ ስለ ጤናቸው ሲጠይቅም መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ቅዳሴ ስንሄድ፣ ጧፍ ልግዛ ብዬ በደጃፉ ለጥቂት ደቂቃ ብቻቸውን አቆምኋቸው። ስመለስ አንዲት እናት «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብለው በአባቴ መዳፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ሲያልፉ ደረስሁ። አባቴ ያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ማታ ግን፣ «ልጄ፣ የጠፋብኝ ዓይኔ ነበር፤ አንቺ ደግሞ እጄንና እግሬን ወሰድሽብኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አልወጡም።

ንግግራቸው አጥንቴን ሰብሮታል፤ እውነት መሆኑም አልጠፋኝም። ነገር ግን እጄን ብሰበስብ ይወድቁብኛል ብዬ እሰጋለሁ። በመንገድ፣ በማዕድና በሰው ፊት ምን ማድረግ፣ ምንስ መተው እንደሚገባኝ፣ በተለይ ራሳችሁ ዓይነ ስውራን የሆናችሁ ወይም ከዓይነ ስውር ጋር የምትኖሩ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ዓይነ ስውር መምህር፣ ከአዲስ ከተማ

እኅቴ፣ አባትዎ የተናገሩትን እኔም በልጅነቴ ለእናቴ ልነግራት ፈልጌ ቃሉን ያጣሁለት ነገር ነው። እኔ ብርሃኔን ያጣሁት በአምስት ዓመቴ በኩፍኝ ሲሆን፣ አሁን በዚሁ በሐዋሳ አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሬ ስለተማርሁት ለእኔ ቀላል የሆነው ነገር፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ እያዩ ለኖሩት ለአባትዎ እንደ አዲስ የሚጀመር ትምህርት ነው። ስለዚህ መዘግየታቸውን እንደ አለመቻል አይቁጠሩት።

ከመንገዱ እንጀምር። አንጓቸውን አይያዙ፤ እርሳቸው ክንድዎን ይያዙ። በእጅዎ ጀርባ እጃቸውን ነካ አድርገው «ክንዴን ይያዙ» ይበሏቸውና ከክርንዎ ከፍ ብለው ሲይዙ፣ እርስዎ ግማሽ እርምጃ ቀድመው በራሳቸው ፍጥነት ይሂዱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንጓው የተያዘ ሰው ይጎተታል፣ ክንድ የያዘ ሰው ግን የመሪውን ሰውነት እያነበበ ይሄዳል፤ መዞርዎን፣ መውረድዎን፣ መቆምዎን ከክንድዎ እንቅስቃሴ ያውቀዋል፤ ካልፈለገም በገዛ ፈቃዱ ይለቅቃል። ደረጃ ወይም የጎርፍ ቦይ ሲደርሱ ጥቂት ቆም ብለው «ደረጃ ነው፣ ወደ ላይ» ወይም «ቦይ አለ፣ አንድ ሰፊ እርምጃ» ይበሉ። ጠባብ ቦታ ሲሆን ክንድዎን ወደ ጀርባዎ ቢያዞሩ ከኋላዎ ይሰለፋሉ። «ቀስ! ቀስ! ተጠንቀቁ!» የሚለው ጩኸት ግን ማንንም አድኖ አያውቅም፤ ከምን እንደምንጠነቀቅ ስለማይነግረን ባለንበት ደንግጠን እንድንቆም ብቻ ያደርገናል።

ነጭ በትር ያስፈልጋቸዋል፤ ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ከደረታቸው አካባቢ የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። ቀኝ እግር ሲራመድ የበትሩ ጫፍ በግራ በኩል መሬት ይነካል፣ ግራ እግር ሲራመድ በቀኝ፤ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ መመርመር ማለት ነው። በትሩ ጉድጓዱን፣ የድንጋዩን ጠርዝ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመውን ባጃጅ ያገኛል፤ በፊትና በግንባር ከፍታ ያለውን ግን አያገኝም። ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሱቅ ሸራ፣ የጭነት መኪና መስተዋት ግንባር የሚመቱት ለዚህ ነው፤ መንገዶቿ በዛፍ በተሸፈኑት በእኛ ከተማ ደግሞ ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው። ዓይን ያለው ሰው በእውነት የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው። በትሩን ራሱን ይዞ መጎተት ግን የሰውን መነጽር ከፊቱ ላይ እንደ መንጠቅ ያለ ነው።

ስለ ሳንቲሙ ደግሞ ልንገርዎት። ይህ በእኔም ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷል፤ ደመወዜን ተቀብዬ ስወጣ እንኳ ደርሶብኛል። ያቺ እናት ክፋት አላሰቡም፤ ዓይነ ስውር ቆሞ ሲያዩ ልመናን ብቻ እንዲያስቡ ተለምዶ ነው። አባትዎ ሌላ ጊዜ ቢገጥማቸው፣ «አመሰግናለሁ፣ ልጄን እየጠበቅሁ ነው» ብለው መመለስ ይችላሉ፤ ይህን የሚናገሩት ግን እርሳቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም። የእርስዎ ድርሻ ሌላ ነው። ዓይነ ስውርን ባዶ ሜዳ መካከል አያቁሙ፤ እጁ ከግድግዳ፣ ከዓምድ ወይም ከአጥር ጋር እንዲገናኝ አድርገው «ጧፍ ልገዛ ነው፣ አምስት ደቂቃ ያህል እቆያለሁ» ብለው ይሂዱ። የሚደገፉበትንና የሚጠብቁትን የሚያውቁ ሰው አቋቋማቸው እንኳ ይለያል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰዎች ሲያገኙን ድምፃቸውን ለውጠው «ማን ነኝ? ለይተህ ንገረኝ» ይሉናል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሰው ፊት ፈተና ማስቀመጥ ነው። ልጆችዎ አያታቸው ዘንድ ሲገቡ ስማቸውን ይናገሩ፤ ሲወጡም «ወጣሁ» ይበሉ፤ ያለዚያ አባትዎ ከባዶ ወንበር ጋር ሲያወሩ ይገኛሉ። እንግዳው «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ብሎ አጠገባቸው ሆኖ እርስዎን ከጠየቀ፣ ዝም ይበሉና ፊትዎን ወደ አባትዎ ያዙሩ። እንግዳው ይገባዋል።

መልስ፦ የዓይነ ስውር ባለቤት፣ ከመናኸሪያ ሰፈር

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ የምበልጥሽ ይመስለኛልና አንቺ ልበልሽ። ከባለቤቴ ጋር 22 ዓመት በትዳር ኖረናል። የመንገዱን መምህሩ ስለጨረሱት እኔ ስለ ቤትና ስለ ማዕድ ልንገርሽ።

ቤት ውስጥ ዋናው ነገር ዕቃ ከቦታው አለመነሳቱ ነው። በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ፤ ገርበብ ያለ በር የባለቤቴን ግንባር ሁለት ጊዜ አድምቶታል። ቡና የሚፈላ ከሆነ ረከቦቱና የከሰሉ ምድጃ የት እንዳሉ ከመቀመጣቸው በፊት ንገሪያቸው። ሲኒውን እስከ አፉ አትሙዪው፤ ከፊታቸው አስቀምጠሽ «ቡናው በቀኝ እጅዎ በኩል ነው» በያቸው። ስታስታጥቢያቸውም «ውኃ እያፈሰስሁ ነው» ማለት አይርሳሽ። ልብሳቸውን በዓይነቱ ለይተሽ በአንድ ቦታ ካስቀመጥሽላቸው፣ የሚለብሱትን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ስለ ማጉረስ ብዙ አስቤአለሁ። ጉርሻ የፍቅራችን ምልክት ስለሆነ አታስቀሪው፤ ነገር ግን እርሳቸውም መልሰው ያጉርሱሽ። ከአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ከሆነ ጉርሻነቱ ቀርቶ ሕፃን መመገብ ይሆናል። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ «አፍሽ ወዴት ነው?» ሲለኝ ልጆቻችን እየሳቁ ነው ያደጉት።

ወጡ የት የት እንዳለ መንገር ደግሞ የግድ ነው። አንዳንዶች ገበታውን እንደ ሰዓት ቆጥረው «ሥጋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው» ማለትን ይመክራሉ፤ ይህ ምክር በእኛ አገር መታረም አለበት። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው ሦስትን በቀኙ ያስባል፤ ሰዓቱን በፈረንጅ የሚሞላ ሰው ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ቀስቱን 9 ላይ፣ ማለትም በግራው ያየዋል። ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ሰው ከሆነ ደግሞ የሰዓትን ገጽ ጭራሽ አያውቀው ይሆናል። እኛ ቤት «ወደ አንተ ሽሮ፣ በቀኝህ ጎመን፣ መካከል ላይ ዶሮው» እንባባላለን። አባትሽ የሒሳብ መምህር ስለሆኑ ግን በሰዓት ይሻላል ሊሉ ይችላሉ፤ ጠይቂያቸውና በአንዱ ተስማሙ።

መልስ፦ የዓይን ሕክምና ባለሙያ

ከላይ በተነገሩት ሁሉ እስማማለሁ፤ ከሕክምናው በኩል የቀሩትን ብቻ ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ስለሚገፈፍ፣ ጎረቤትና ዘመድ ግላኮማ ላለበትም ሰው «እገሌ ተገፎለት አየ፣ ለምን አትወስዷቸውም?» ይላል። ግላኮማ የሚጎዳው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ የታዘዘ ጠብታ ካለ፣ «ከእንግዲህ ምን ይጠቅማል» ተብሎ ያለ ሐኪም ምክር እንዳይቋረጥ።

ፊት መለየት ተሳናቸው ማለት ምንም አያዩም ማለትም አይደለም። ብዙ ዓይነ ስውራን የብርሃን ጭላንጭል ወይም የቅርጽ ጥላ ይቀራቸዋል። ምን እንደሚታያቸው ይጠይቋቸው፤ ከዚያ ነጭ ሲኒን በጥቁር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ወይም የደረጃውን ጠርዝ ደማቅ ቀለም መቀባት ይጠቅም እንደሆነ አብራችሁ ትለያላችሁ። በመጨረሻም ስለ ራስዎ፦ ግላኮማ በቤተሰብ የሚሄድ በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያም ነገር ሳይኖር ከዳር ዳር እይታን እየወሰደ ስለሚጀምር፣ እርስዎና ወንድም እኅቶችዎ ካላችሁ ዓይናችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ ተመርመሩ።

መልስ፦ ባለ ባጃጅ

እኔ የምለው አጭር ነው። ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ሲመጣ ብዙዎቻችን በብብቱ ይዘን እንደ ዕቃ እናስገባዋለን፤ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። አንድ አባት «እጄን ጣሪያው ላይ አድርግልኝ፣ ቀሪውን ለእኔ ተወው» ብለው አስተማሩኝ። እጃቸው የጣሪያውን ጠርዝ ካገኘ ከፍታውን ያውቁታል፤ ራሳቸውን ሳይመቱ ይገባሉ። መልስ ስሰጥም ብሩን አንድ በአንድ «ይህ ሃምሳ፣ ይህ አሥር» እያልሁ በእጃቸው አስቀምጣለሁ። የሚወርዱበትንም አብሯቸው ያለውን ሰው ሳይሆን እርሳቸውን እጠይቃለሁ።

ጠያቂዋ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ስለ ሰዓቱ የተጻፈው ላይ ስደርስ አስቁመውኝ፣ «በሐበሻ ሰዓት ይሁን» ብለው ወሰኑ። አሁን ክንዴን ይዘው እንሄዳለን፤ በመጀመሪያው ቀን እኔ ነኝ የተደናቀፍሁት፤ እርሳቸው ናቸው የደገፉኝ። ወንድሜና እኔም ዓይናችንን ተመርምረናል።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በትሩን ካገኙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን እስከ ፍቅር ሐይቅ ሄደው መቀመጥ ይፈልጋሉ። ልፍቀድላቸው? ወይስ ሳያውቁ ከኋላ ከኋላ ልከተላቸው?

መልስ፦ ዓይነ ስውር መምህር፣ ከአዲስ ከተማ

እኅቴ፣ «ልፍቀድላቸው» የሚለውን ቃል እንደገና ያስቡበት። ሳያውቁ መከተሉን ግን ፈጽሞ አልመክርም። የእግርዎን ኮቴ ማወቃቸው አይቀርም፤ ያን ቀን ደግሞ እምነታቸውን ያጡብዎታል። ይልቁንም መንገዱን አብራችሁ አጥኑት። ለጥቂት ቀናት ክንድዎን ይዘው፣ ከዚያ በትራቸውን ይዘው እርስዎ አጠገባቸው ሆነው፣ ከዚያ እየነገሯቸው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ይሂዱ። ምልክቶቹን እርሳቸው ይምረጧቸው፦ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት ቦታ፣ የባጃጆቹ መቆሚያ ድምፅ፣ ወደ ሐይቁ ሲጠጉ የሚመጣው የዓሣ ሽታና ነፋስ። መንገድ ለመሻገር ሰው እንዲረዳቸው መጠየቅንም አብረው ይለማመዱ፤ መጠየቅ ራሱ የሚለመድ ነገር ነው።

አባትዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ብሬል፣ ማለትም እኛ በጣት የምናነበው ጽሑፍ፣ ከ6 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ነው፤ ባዶውን ትተን ስንት ዓይነት ምልክት እንደሚወጣው ይጠይቋቸው። 63 ብለው ወዲያው እንደሚመልሱ አልጠራጠርም። ፊደላችን በብሬል ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው እየተለያየ ስለሚቀመጥ፣ አሠራሩ ለእንደርሳቸው ያለ አእምሮ የሚያስደስት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እኔም በትሬን ይዤ ፍቅር ሐይቅ እገኛለሁ፤ መጻፊያ ሰሌዳዬንም አመጣለሁ። ይምጡ አይምጡ የሚለውን ግን እርስዎ አይመልሱልኝ፤ እርሳቸው ይንገሩኝ።