ለቤተሰብ የተከፈለ የጤና መድን መዋጮ ከንግድ ግብር ይቀነሳል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ከባለቤቴ ጋር የተማሪዎች የደንብ ልብስ የምንሰፋበት ቤት አለን፤ ፈቃዱ በስሜ ነው፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይም ነኝ። ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የከፈልነውን ዓመታዊ መዋጮ፣ አብራን ለምትኖረው እናቴ የጨመርነውንም ጭምር፣ ደረሰኙን ከጨርቅና ከክር ደረሰኞች ጋር በስፌት መኪናው መሳቢያ አስቀምጬ ለሒሳብ ሠራተኛችን ብሰጠው፣ «ይህ የቤት ነው» ብሎ ለይቶ መለሰልኝ። አሜሪካ ያለችው እኅቴ ግን በግሏ ስለምትሠራ የመድን ክፍያዋ እንደሚቀነስላት ነግራኛለች። የግብር ማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ሳይደርስ ብታስረዱኝ።

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና)፦
ሠራተኛዎ ልክ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 22 መሠረት የሚቀነሰው ለንግዱ ገቢ መገኘትና ለሥራው መቀጠል አስፈላጊ ሆኖ የወጣ ወጪ ሲሆን፣ ለግል ፍጆታ የዋለው ግን አንቀጽ 27 ከዘረዘራቸው የማይቀነሱ ወጪዎች ጋር ይመደባል። የእናትዎ መታከም ለደንብ ልብስ ስፌት አስፈላጊ ነበር ብለው ኦዲተር ፊት መቆም ይከብድዎታል። መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ አባልነት እንጂ በንግድ ፈቃድ አይደለም። ለተቀጣሪዎችዎ ሕክምና የሚያወጡት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ (የመንዝ ልጅ፣ ሜሪላንድ)፦
እኅትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ሆኖም የዚህ አገር ሕግ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የከፈለውን የጤና መድን በቅጽ 7206 አስልቶ በፌዴራል የገቢ ግብር ማስታወቂያው ላይ ይቀንሳል፤ ተቀናሹ ግን መድኑ ከተያያዘበት ሥራ ከተገኘው የተጣራ ትርፍ ሊበልጥ አይችልም፣ እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በአሠሪ በኩል መድን የማግኘት መብት በነበራቸው ወራትም አይፈቀድም። እዚያ አገር ቤት በግብር ሕጉ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» እንደሚታይ ሁሉ እዚህም የንግድ ገቢና ወጪ የሚሞላበት «ሲ» የሚባል ሠንጠረዥ አለ፤ የሚገርመው፣ ይህ ተቀናሽ የሚጻፈው በእርሱ ላይ ሳይሆን ሠንጠረዥ 1 በሚባለው ላይ ነው። ስለዚህ በግል የሚሠራ ሰው ከሠንጠረዥ «ሲ» ትርፍ ላይ ተሰልቶ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍለውን ግብር አይቀንስለትም። እንግዲህ እዚህም ቢሆን እንደ ክር ወጪ አልታየም ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ተቀጣሪ ከተነሣ፣ ባለፈው ጥር የአንዷ ሠራተኛችን ጣት በመርፌ ተወግቶ የማሳከሚያውን ከኪሴ ከፍያለሁ። ይህስ ይያዛል?

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ሲና)፦
ይያዛል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በመሆኑ የንግዱ ወጪ ነው፤ አሠሪ ለተቀጣሪው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪም በአንቀጽ 65 ከሥራ ግብር ነፃ ስለሆነ በእርሷ ደመወዝ ላይ አይታሰብም። የጤና ተቋሙን ደረሰኝ ብቻ ከቤት መዋጮው ለይተው፣ የሠራተኛዋ ስምና ጉዳቱ የደረሰበት ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አያይዘው ይስጡት።