«ሽፍታ ሽፍታ ነው» ለሚሉን

የቋራው፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ሽፍታ ሽፍታ ነው፣ ጀግና ያደረገው አዝማሪ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ። ካሣ ኃይሉስ? ቋራ በረሃ ሲገባ ሽፍታ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ያው ሰው ነው። እሱንም ያነገሠው አዝማሪ ነው?

የነጋዴ ልጅ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አሁንም እላለሁ። ቅድመ አያቴ ጨው ጭኖ ሲሄድ ሽፍታ አህዮቹን ከነጭነታቸው ወሰደበት። እስከ ዛሬ ቤታችን ይወራል። ለእሱ ማንም አልዘፈነለትም።

የቋራው፦ እሱን የዘረፈው ካሣ አይደለም። ካሣ የዘረፈውን ለገበሬው ሰጥቶ ማረሻ አስገዝቷል። በዘመኑ ታሪኩን የጻፉለት ይመሰክራሉ።

የነጋዴ ልጅ፦ «የዘረፈውን» አልክ! ራስህ አልከው። ከማን ዘረፈው?

ደጋ ዳሞት፦ ከመሳፍንቱ ነዋ። ያኔ እኮ ገበሬው ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ሲገብር ነበር የሚኖረው። ሽፍታ አንዴ ቀምቶ ይሄዳል፣ የጌታ ወታደር ግን ቤትህ ተቀምጦ ጎተራህን ጨርሶ ነው የሚነሳው።

የነጋዴ ልጅ፦ «የዘረፈውን» የሚለውን ግን አልመለሳችሁልኝም። ደግሞ በ1859 ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ያቃጠለው ማን ነው? ጎንደሬው መስፍን ነበር እንዴ?

የቋራው፦ እሱ ከነገሠ በኋላ ነው! እኛ የምናወራው ስለ ሽፍትነቱ ነው።

የነጋዴ ልጅ፦ ሰውዬው አንድ ነው ያልከው አንተ ነህ።

ደጋ ዳሞት፦ በላይ ዘለቀንስ ምን ልትለው ነው? ከጣሊያን በፊት ሸፍቶ ነበር። ጣሊያን ሲመጣ አምስት ዓመት ተዋጋ። አገሩ ነፃ ከወጣ በኋላ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ሰቀሉት። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

የቢቸናው፦ አባ ኮስትርን ሽፍታ አትበሉብን! አርበኛ ነው።

ደጋ ዳሞት፦ ወንድሜ፣ እኔም እወደዋለሁ። ሽፍታ ማለት በእኛ አገር ስድብ አይደለም። ሰው ተበድሎ ዳኛ ሲያጣ ነው ዱር ቤቴ የሚለው።

የነጋዴ ልጅ፦ ቅድመ አያቴም ዳኛ አጥቷል። ግን የማንንም አህያ አልነዳም። ተበድሮ እንደገና ጀመረ።

የቢቸናው፦ የአህያውን ነገር ለብቻው ተከራከሩበት። የበላይን ስም ከዚህ ክርክር አውጡልኝ።

ደጋ ዳሞት፦ አላወጣም።